ግራጫ ነጠላ

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ለመማር ካሜራ፣ ፊልምና ትዕግሥት ይበቃል ብለው የጻፉ ሰዎች ቤት ተከራይተው አያውቁም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሙያ የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አከራይ የሚያሳምን አንደበት ያስፈልገዋል።

በግቢያችን ያለው ወጣት ተከራይ አንደበቱን ሳያዘጋጅ ጀመረ። መስኮቱን በጋቢ ጋርዶ፣ ቀይ አምፖል አብርቶ ሌሊት ሌሊት ፎቶ ያጥባል። ተራው የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን አይነካውምና ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይ ማብራት የሙያው ወግ ነው። ፊልሙ ግን ቀዩንም አይችልም፤ ድፍን ጨለማ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የማያማርር ተከራይ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ችግሩ፣ በከተማችን ቀይ አምፖል የሌላ ሙያም ምልክት መሆኑ ነው። አቦል ላይ «ልጁ ሌሊት ምን ይሠራል?» ተብሎ የተነሣው ጉዳይ በረካ ላይ ሲደርስ ሁለት ሴቶችና አንድ የቢራ ማቀዝቀዣ ተጨምረውበት ነበር።

አከራያችን እትዬ አንድ ሌሊት በሩን ገፍተው ገቡ። ሴት የለም፤ ሳህን ውስጥ፣ ኬሚካል ላይ የሚንሳፈፍ የሽማግሌ ፊት ብቻ። የበረንዳው መብራት ተከትሏቸው ስለገባ ወረቀቱ ዓይናቸው እያየ ከግንባሩ እስከ አገጩ ጠቆረ። እትዬ አማተቡ። በማግስቱ ግቢው ጠበል ተረጨ።

ለምን ሽማግሌ እንደሆነ አትጠይቁኝ። የዚህ ሙያ ጀማሪ ሁሉ የሚያነሣው የተሸበሸበ ፊት፣ ሊስትሮና የመርካቶ ተሸካሚ ነው። ቀለሙን ሲነጥቁት ድህነት የሚፈላሰፍ ይመስላል፤ ፎቶውን ለተሸካሚው ወስዶ የሰጠ ግን አላየሁም።

ልጁ ስሙን ለማደስ በጥምቀት ዕለት የግቢውን ሴቶች በነጻ አነሣ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ደግሞ ዓለም ሁሉ ግራጫ ነው ብሎ የሚያምን ፍጥረት ነው፤ ፊቱ የቆመውን ሁሉ 18 በመቶ ብርሃን እንደሚመልስ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ ነገር ሲገጥመው አንድ ሁለት እርከን ብርሃን ካልጨመሩለት አመድ ያስመስለዋል። ልጁ አልጨመረም። ነጠላዋን ስታነጣ የሰነበተች ጎረቤታችን ፎቶውን ዘቅዝቃ ሁሉ አይታ፣ «ይህ የማን ነጠላ ነው?» አለች። የሌላዋ ይብሳል፤ ቀዩና አረንጓዴው ጥበቧ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል። ልጁ፣ ሌንሱ ላይ ቀይ ማጣሪያ ቢደረግ ኖሮ ቀዩ ነጣ፣ አረንጓዴው ጠቆር ይል እንደነበር አስረዳት። «የሸማኔውን ሒሳብስ ማጣሪያህ ይከፍላል?» አለችው።

እትዬ ጭራሽ አልነሣም አሉ። «ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለሙት ዓመት ነው፤ እኔ ገና ነኝ።» ይህን የሚሉት በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት ከተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሥር ተቀምጠው ነው። አርመኖቹ ቦያጂያኖች ከአጼ ምኒልክ እስከ አጼ ኃይለ ሥላሴ ነገሥታቱን ያነሡት በዚሁ በጥቁርና ነጭ ነው ብንላቸው፣ «ታዲያ ነገሥታቱ የት አሉ?» ብለው አፋችንን አስያዙን።

የድሮ ፎቶ አንሺ ኔጋቲቩ ላይ በሾለ እርሳስ ማድያት ያጠፋል፣ የታጠበው ፎቶ ላይ ደግሞ በብሩሽ ከንፈር ያቀላል። በመጨረሻ ውሉ በዚሁ ታሰረ፦ የእትዬ ከንፈር ይቀላል፣ ጉንጫቸው ይፈካል፣ አረንጓዴው ጥበባቸውም አረንጓዴ ይሆናል። ቀለም ለማስወጣት ያን ሁሉ ሌሊት ያልተኛው ልጅ ሰሞኑን መርካቶ ውስጥ ቀጭን ብሩሽና ቀለም ሲያፈላልግ ከርሟል።