ቁልፉ ስብሰባ ላይ ነው

በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት በሕዝብ ዓይን እንዳይበላ ቀን ከሌት ለሚጠብቁልን ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው! ውለታቸውን የሚያነሳላቸው ጠፋ እኮ።

ጥናቱ ሲወለድ ድግሱ ለጉድ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሆቴል ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ አበል ይፈረማል። 60 ስላይድ ከሻይ ዕረፍት በፊት በሩጫ ያልፋል። «ወደ ተግባር መለወጥ ያለበት ግኝት ነው» ይባልና ይጨበጨባል። ከዚያ በወርቃማ ፊደል ተጠርዞ ቁም ሳጥን ይገባል።

ላንብብ ብሎ የመጣ ግብር ከፋይም በደንቡ ይስተናገዳል።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከቤቴ።»

«የትብብር ደብዳቤስ?»

ደብዳቤውን አጽፎ ሲመለስ ቁልፍ የያዙት እመቤት ስብሰባ ገብተዋል። ቀንቶት ቢከፈትለት ኮፒ ማድረግ ክልክል፣ ፎቶ ማንሳትም ክልክል። ከጀርባ ሽፋኑ ኪስ ውስጥ ሲዲ አለ። ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ነው በግቢው የታጣው።

ነገር ፈላጊዎች አዋጅ ይጠቅሳሉ። 590/2000 መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይስጥ ይላል አሉ። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2019 በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር በአገር አቀፍ ዲጂታል ማከማቻ ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚል ፖሊሲ አውጥቶ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ በ2021 ሚኒስቴሩ ራሱ ታጥፎ ትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ ገባ። አሜሪካኖቹማ ጭራሽ ትዕግሥት የላቸውም፤ ብሔራዊ የጤና ተቋማቸው ከጁላይ 2025 ጀምሮ በእሱ ገንዘብ የተሠራ ጽሑፍ በታተመበት ቀን በነፃ ይነበብ ብሏል። የታማሚው ዘመድ ሁሉ ሐኪሙን ሊጠይቅ!

የጥበቃው ቁንጮ ግን የውጭ ጆርናል ነው። አርሶ አደሩ ማሳውን ለሙከራ ይለቃል፣ መጠይቅ ሲሞላለት ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ስለ ስንዴው ዋግ የተጻፈው ደግሞ በእንግሊዝኛ ሆኖ፣ ለአንድ ጽሑፍ 30 እና 40 ዶላር ክፈል ከሚል በር ጀርባ ይቀመጥለታል። የውጭ ምንዛሪ ይሰለፋ!

ካላነበብኩ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ችኩል፣ አቋራጩ አጥኚውን ፈልጎ መደወል ነው። ዶክተሩ አንባቢ በማግኘታቸው ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ይልኩለታል፤ ሥሩ ላይም «አደራ፣ ከእኔ አገኘሁት እንዳትል» ብለው ይጽፉበታል።