84 ፍሬ

አዲስ አበባ ውስጥ ደህና የሚባል ቤት ሳሎን ግቡ። ቡፌው ግድግዳውን ሞልቶ ቆሟል። መስታወቱ ተወልውሏል። ከመስታወቱ ጀርባ ዳንቴል ተነጥፏል፤ ዳንቴሉ ላይ ቀይ ከፈይ የለበሰ ሣጥን ክዳኑን ከፍቶ ተቀምጧል። ማንኪያው፣ ሹካው፣ ቢላው እንደ ሰልፈኛ ተደርድሯል። ከተገዛ 16 ዓመት ሆኖታል። እስካሁን ምግብ የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም።

ጥበብ ማለት ይሄ ነው! ሌላው ዓለም ማንኪያ የሚገዛው ሊበላበት ነው አሉ። ምን ዓይነት አርቆ አለማሰብ ነው? የተበላበት ማንኪያ ይታጠባል፣ ይጫራል፣ ከቆሻሻ ጋር ተደፍቶ ይጠፋል። ያልተበላበት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የልጅ ልጁም አስተዳደግ ያለው ከሆነ አይበላበትም።

የእኛ ቤት ደግሞ ከዚህም አልፏል። እኛ ያለን ሣጥን ሳይሆን ሻንጣ ነው። አክስቴ ከጅዳ ስትመለስ ያመጣችው፣ ጥቁር፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚይዘው ዓይነት ሻንጣ። አውሮፕላን ማረፊያ ኪሎ በዝቷል ሲሏት የራሷን ልብስ አውጥታ ሰጥታ እሱን ይዛ የመጣች ሴት ናት። ላዩ ላይ «84 ፍሬ» ይላል። ጎኑ ላይ ሦስት ቁጥር የሚዞርበት ቁልፍ አለው። እማዬ አንድ ጊዜ ከፍታ አየችው፣ አንድ ጊዜ እልል አለች፣ ዘጋችው።

«ይሄ የእንግዳ ነው። እጃችሁን እንዳታሳርፉበት!»

አላሳረፍንም። እኛ የምንበላው በጓዳው መሳቢያ ዕቃ ነው። ስለዚህ መሳቢያም ትንሽ ላውራ፤ የቤታችን ታሪክ ያለው እዚያ ነውና። አራት ጥርስ ይዛ ተወልዳ በሦስት የቀረች ሹካ አለች። እጀታው ወልቆ በካላማዳሪያ የተጠመጠመ ቢላ አለ። ሁለቱ አንድ ዓይነት የሆኑ ማንኪያዎች የሉም፤ አንዱ ከልዋጭ የመጣ ነው፣ አንዱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ አንዱ ላይ የጎረቤት ኩቴክስ ምልክት አለበት። (ከድግስ በኋላ ነው የተገኘው። እንመልሳለን እያልን ነው።)

ከሁሉም በላይ የተከበረው ግን የታጠፈው ማንኪያ ነው። አንገቱ ላይ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። የታጠፈው እኔ ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሲከፈትበት ነው። ከዚያ ወዲህ በርበሬ ሰፍሯል፣ ሽሮፕ አጠጥቷል፣ የማከፋፈያ ብሎን ፈትቷል። የታናሽ እህቴን የመጀመሪያ አጥሚት ያቀመሰው እሱ ነው። ቀጥ ለማድረግ ያልሞከረ የቤተሰብ አባል የለም። እሱም እሺ ብሎ ይቃናል፤ ሾርባ ሲነካው ግን ወደ ግራው ይመለሳል።

እንግዲህ አገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቱ በታጠፈ ይበላል፣ እንግዳው በወርቅ። እንግዳው ካልመጣስ? ወርቁ ይጠብቀዋል።

ባለፈው ዓመት እኔም ቤት ያዝኩና ወጉ ይድረሰኝ ብዬ መርካቶ ወረድኩ። ያኔ የማንኪያ ነገር ትንሽ አንብቤ ነበር፤ ማንበብ ግብይት እንደሚያበላሽ የገባኝ ኋላ ነው። ደህና ማንኪያ ጀርባው ላይ 18/10 የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። ከብረቱ በመቶ 18 እጁ ክሮሚየም፣ 10 እጁ ኒኬል ነው ማለት ነው። ክሮሚየሙ ላዩ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራና ዝገትን ይከለክላል። ኒኬሉ ያብረቀርቀዋል፣ ሎሚና ኮምጣጤም እንዲችል ያግዘዋል። 18/0 ከሆነ ኒኬል የለውም፤ ርካሽ ነው፣ ማግኔትም ይይዘዋል። እኔም ፍሪጁ ላይ ከተለጠፉት ማግኔቶች አንዷን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።

«ይሄ ኦርጅናል ነው ወንድሜ» አለኝ ባለሱቁ።

«የማን ኦርጅናል?»

«የቻይና ኦርጅናል ነዋ!»

«18/10 ይላል?»

ማንኪያውን ገልብጦ አየው። ምንም አይልም። ደንገጥ እንኳ አላለም። «እሱ እኮ የዋስትና ነው» አለኝ፤ «18 ዓመት ከ10 ወር።»

ማግኔቷን አወጣሁ። ማንኪያው ከሩቅ ዘሎ ተለጠፈባት። አሁንስ ያፍራል ብዬ ቀና አልኩ።

«አየህ? ጥራቱ እኮ ነው የሚስበው!»

ይህን ሰው ማን ይረታዋል? ተስፋ ሳልቆርጥ አንገቱ ላይ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ሳሳ ያለ ማንኪያ መጀመሪያ እጁን የሚሰጠው እዚያ ጋ ነው፤ ወፈር ያለው ንቅንቅ አይልም። ይሄኛው እንደ ቄጠማ ተለመጠ። ባለሱቁ ከእጄ ነጠቀኝ። «ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? ልትበላበት ነው ወይስ ልትታገለው?»

አጠገቤ የቆሙ አንድ እናት በዓይናቸው ገላመጡኝ። እሳቸው አልጎበጡም፣ አላጎበጡም። ሣጥኑን አስከፈቱ፣ ወደ ብርሃኑ ዘወር አድርገው አዩት፣ «ስንት ፍሬ ነው?» አሉ፣ ከፈሉ፣ ሄዱ። የሚያብረቀርቅና ብዙ ፍሬ ያለው። ሁለት ጥያቄ ብቻ! ክሮሚየም የለ፣ ኒኬል የለ። እውነትም ቡፌ ውስጥ ለሚቆም ዕቃ መለመጡ ምን ያደርጋል? መስታወት ጀርባ ማን ይጫነዋል?

አፍሬ ወርቃማውን ገዛሁ።

«እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ መዳብ» ይባላል። የእኔ ማንኪያ ይህን ተረት በሦስት እጥበት ፈጸመው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተሳስቼ በላሁበት። መጀመሪያ ወርቅ ነበር። በደረቅ ስፖንጅ ፈተግ ሳደርገው ብር ሆነ። ከዚያ ይነጣ እንደሆን ብዬ በረኪና ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋት ላይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ መዳብ አበቀለ። በረኪናና ጨው ያንን የማይታይ ሽፋን ቦታ ቦታ ላይ እየበሱ ዝገት እንደሚያስገቡ ያነበብኩት ዕለቱን ከሰዓት ነው። ይሄ መቼም የሚደርሰው ዕቃውን ለሚጠቀም ሰው ብቻ ነው። አንዳቸውም ዘመዶቼ ቤት እንዲህ ያለ አደጋ ደርሶ አያውቅም።

የቢላው ነገር ደግሞ ይለያል። ደህና ስብስብ ውስጥ እንኳ የቢላውን ስለት ማግኔት ይይዘዋል፤ ስለት እንዲይዝ ጠንከር ያለ ብረት ያስፈልገዋልና። እኔ ያንን ሳላውቅ ስንቱን ባለሱቅ አጭበርባሪ ብያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዝ አገር ሸፊልድ ውስጥ ሃሪ ብሪርሊ የሚባል ሰው ቶሎ የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ሲፈልግ ነው የማይዝግ ብረት ላይ የደረሰው። የከተማው ቢላ ሠሪዎች መጀመሪያ ላይ የማይቆርጥ ቢላ የፈለሰፈ ሰው እያሉ ቀለዱበት። ምን ያስቃል? አዲስ አበባ ስንት ቡፌ እንደሚጠብቀው ቢያውቁ ኖሮ ይስሙት ነበር። እኛ የምንፈልገው እሱን ነው! 12 ቢላ፣ አንዱም ቅቤ የማይቆርጥ።

አስቡት፣ እኛ ስለ ቢላ አላዋቂ ሕዝብ አይደለንም። ቁርጥ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ቆራጩ ሞረዱን አንስቶ ሻው ሻው ያደርገዋል፣ በአውራ ጣቱ ስለቱን ዳበስ አድርጎ ያያል፣ ከዚያ ሥጋው እንደ ሐር ይወርዳል። ደነዝ ቢላ ቢቀርብልን ሥጋ ቤቱ ላይ የምናነሳው ጠብ ለሠርግ ይወራል። ቤታችን ስንመለስ ግን ሽንኩርቱን የምንከትፈው በካላማዳሪያው ቢላ ነው። ሲደነዝዝ የሲኒ ቂጥ ላይ ፈተግ ፈተግ ይደረጋል። ሽንኩርቱም ያስለቅሳል፣ ቢላውም ያስለቅሳል። ቡፌ ውስጥ ያሉት 12ቱ ይህን ሁሉ በመስታወት ያያሉ።

ይህን ወግ የማያውቅ አንድ አካል ብቻ ነው፤ እሱም እድር ነው። እድር ቤት ሂዱና ማንኪያዎቹን እዩ። ወፍራም፣ ደረቅ፣ ምንም ጌጥ የሌለው፣ ጀርባው ላይ የእድሩ ስም የተፈለፈለበት። በየሳምንቱ ድንኳን ውስጥ መቶ አፍ ይገባል፣ በአመድ ይፈተጋል፣ እንደገና ይወጣል። ንብረት ያዡ ቆጥሮ ያስረክባል፣ ቆጥሮ ይረከባል፣ አንድ ከጎደለ ትከፍላላችሁ። ከፈይ የለ፣ ዳንቴል የለ። እንዲህ ያለ ክብር የሌለው ዕቃ እንዴት እንደሚቆይ አይገባኝም፤ ግን ከእኔ ዕድሜ በላይ ቆይቷል።

ወደ ሻንጣችን ልመለስ፤ ለፋሲካ እንግዳ መጣ።

እንግዳ ስላችሁ ተራ እንግዳ አይደለም። የአባዬ የሥራ ባልደረባ የነበሩ፣ አሁን ሲያትል የሚኖሩ ጋሼ። 20 ዓመት አገር ቤት አልመጡም። እማዬ ሐሙስ ዕለት ቀኑ መድረሱን አወጀች። ሻንጣው ከቡፌው ወረደ። አቧራው ተጠረገ። አባዬ ሁለት አውራ ጣቶቹን ቁልፉ ላይ አሳርፎ ገፋ።

አልተከፈተም።

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

እማዬ ወደ አባዬ አየች። አባዬ ወደ እማዬ አየ። አክስቴ ጅዳ ተደወለላት። «ሦስት ዜሮ ነው እቴ፣ ሲገዛ እንደዚያ ነው» አለች። ሦስት ዜሮም አልሆነ። ታናሽ እህቴ ልጅ ሆና ቁጥሮቹን እያሽከረከረች ትጫወት እንደነበር የተናዘዘችው ያኔ ነው። ስበሩት አልኩ። እማዬ ቤቱን አቃጥሉት ያልኩ ያህል ደነገጠች። «እንዲህ ያለ ሻንጣ ይሰበራል?»

ስለዚህ አባዬ መኝታ ቤት ገባ። ከ001 ጀመረ።

ጋሼ መጡ። ተሳሳምን፣ ተላቀስን። ሞሰቡ ቀረበ፣ ዶሮው ወጣ። እማዬ በየመሃሉ ወደ መኝታ ቤቱ በር እያየች «ትንሽ ታገሱን፣ ሹካና ማንኪያው እየመጣ ነው» ትላለች። ጋሼ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። «የምን ሹካ?» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ለማስታጠቢያው ዘረጉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። ሦስት ጊዜ ተጎራረሱ። ዕንቁላሉን ለእህቴ አጎረሱ። የጣታቸውን መረቅ ሳይቀር አጣጣሙ። እማዬ ደስ እያላት አዘነች።

ሻይ መጣ። ስኳር ጨመሩ። ማማሰያ አጡ።

እህቴ ጓዳ ገብታ መሳቢያውን ስታንኮሻኩሽ ተሰማ። ይዛው ስትመጣ እማዬ በዓይኗ ልትመልሳት ሞከረች፤ አልደረሰችም። ጋሼ ማንኪያውን ተቀበሉ። አገላብጠው አዩት። አንገቱን፣ ወደ ግራ የዘመመበትን፣ በጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄ የዱቄት ወተቱ ማንኪያ አይደለም እንዴ?» አሉ። «እኔ እኮ ነኝ ያጠፍኩት! ያን ቆርቆሮ ስከፍት!»

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሼ ሻያቸውን እየሳቁ ያማስላሉ። ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ቅጭል ቅጭል ይላል። ከመኝታ ቤት የአባዬ ድምፅ መጣ፤ ተስፋ አልቆረጠም።

«አራት መቶ አሥራ ስምንት!»