ወፏ የት ሄደች?

አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ፎቶ ላከልኝ። ቅጠል በቅጠል ነው። ሐረጉ እርስ በርሱ ተጠማጥሟል። ችግኝ መሸጥ የጀመረ መስሎኝ «ያምራል፣ በርታ» ብዬ ጻፍኩለት። «አየሃት?» አለኝ። ማንን? ወፏን ነዋ! ፎቶውን ለጥጬ ሳይ ከሐረጉ ጀርባ ኬጅ፣ ማለትም የወፍ የሽቦ ቤት፣ አለ፤ ውስጡ ደግሞ አንድ ቢጫ ነገር። ወፍም ሊሆን ይችላል፣ አበባም ሊሆን ይችላል። «ጫካዋ ውስጥ ያለች እንዲመስላት ብዬ ነው» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

እንዲመስላት! እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው።

ሰው ሳሎኑን ያስውብ፤ መብቱ ነው። ኬጁ ሳሎን መሃል ተገትሮ ሽቦው ዓይን ከወጋው በአረንጓዴ ነገር ይሸፍነው፤ ይኼም መብቱ ነው። የሚያናድደኝ ለራሱ ዓይን የሠራውን በወፏ ስም ማስመዝገቡ ነው። እሷን የጠየቃት የለም። ብትጠየቅ መጀመሪያ የምትፈልገው ክንፏን የምትዘረጋበት ቦታ መሆኑን ለመገመት የወፍ ቋንቋ መማር አያሻም። ቅጠሉ የያዘው ደግሞ ያንኑ ቦታ ነው።

ከተረቶች ሁሉ «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» የሚለውን አብልጬ እወዳለሁ። ለሁሉም ነገር ይሆናል። ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ የማይገባ ነገር ሲያወራ፣ ይህቺን ጣል አድርጋችሁ ዝም ማለት ትችላላችሁ። ሰውየው የተመሰገነ ይመስለዋል። ሌላው ሰው የተሰደበ ይመስለዋል። እናንተ ምንም አላላችሁም። ከነገር የሚያወጣ እንዲህ ያለ ተረት ከየት ይገኛል? አንድ የማውቀው ሰው ግን በሄደበት ሁሉ «ወፍ እንዳገሯ» ብሎ ይቆርጠዋል። መጮኹን ትቶ! ተረት ማሳጠር ምን የሚሉት ስንፍና ነው? የቀረችውን አንድ ቃል ለመጨመር ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ይህን ሰው አልተቀየምኩትም ብል ውሸት ነው።

ለማንኛውም፣ ተረቱ «እንዳገሯ» ካለ አገሯ የት ነው ብሎ መጠየቅ የአባት ነው። የወዳጄ ወፍ ባጂ ናት፤ ያቺ ጅራተ ረጅሟ ትንሽ በቀቀን። አገሯ አውስትራሊያ ነው። ጆን ጉልድ የሚባል እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ በ1840 እ.ኤ.አ. በሕይወት ያሉ ባጂዎች ይዞ ወደ አገሩ ከተመለሰ ወዲህ ነው በየሳሎኑ የገባችው። አውስትራሊያ ስል ደግሞ መሃል አገሩን ነው፤ ደረቁን፣ ሣርና ቁጥቋጦ የሚበዛበትን ሜዳ። በመንጋ ሆና፣ ውኃና የሣር ዘር ፍለጋ ከቦታ ቦታ የምትዞር ዘላን ናት። በየኬጁ የሚታየው ሌላው በቀቀን፣ ኮካቲየልም የዚያው አገር ልጅ ነው። ዜብራ ፊንች የምትባለው ትንሽ ወፍም እንዲሁ። ታዲያ «ጫካዋ» የሚባለው የማን ጫካ ነው? ሐረግ የሚንዠረገግበት ጥቅጥቅ ያለ ደን የናፈቀው ወዳጄን ነው። እሱ ይግባበት እንጂ!

ነገርን በቅጠል መሸፈን የሚያንገበግበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ የተከራየሁበት ቤት ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ነበረው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ውኃ ያወርዳል። አከራዬን ነገርኳቸው። «እናየዋለን» አሉ። ደግሜ ነገርኳቸው። «አየነው» አሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ስንጥቁ የለም። በቦታው ከጣሪያ እስከ ወለል የፕላስቲክ ሐረግ ተንዠርግጓል። ሐምራዊ አበባ ሁሉ አለው። «ቤቱን አሳመርኩልህ» አሉኝ። የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ ውኃው ከቅጠል ቅጠል እየተንጠባጠበ ወረደ። እውነቱን ለመናገር ከበፊቱ ያምር ነበር። ከዚያ ኪራይ ጨመሩ። ቤቱ አምሯላ! እስካሁን የፕላስቲክ ሐረግ ባየሁ ቁጥር እጄ ከጀርባው ያለውን ልግለጥ ይላል።

ኬጅ ላይ የተጠመጠመውንም ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ከጀርባው የሚገኘው ጠባብ ኬጅና ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ልሙጥ እንጨት ነው። ወፍ ደግሞ ኑሮዋ በእግሯ ነው፤ ስትተኛም ቆማ ነው የምትተኛው። ዕድሜ ልክ በዚያ ልሙጥ እንጨት ላይ መቆም በአንድ ጠባብ ጫማ ቆሞ እንደ መዋል ነው። መዳፏ ይላጣል፣ ያብጣል፣ ይቆስላል። መርዝ ያልተረጨበት፣ እዚህ ጋ ወፍራም እዚያ ጋ ቀጭን የሆነ እውነተኛ የዛፍ ቅርንጫፍ ቢገባላት ትልቅ ነገር ነበር። ግን ቅርንጫፍ ፎቶ ላይ ምኑ ያምራል? ደረቅ እንጨት ነው። ላይክ አያመጣም።

እሺ፣ እውነተኛ ተክል ይግባ እንበል። ባጂ ያገኘችውን ሁሉ በምንቃሯ ሳትሞክር አታልፍም። በየቤቱ የሞሉት ፖቶስ፣ ፊሎደንድሮን፣ ዲፈንባኪያና ፒስ ሊሊ ደግሞ ውበታቸው እንዳለ ሆኖ ቅጠላቸው የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል አለበት። ክሪስታሉ ቀጭንና ሹል ስለሆነ አፍና ጉሮሮ ይወጋል፣ ያቃጥላል። ኦሊያንደር የሚባለው ባለ አበባ ተክል ደግሞ ልብን ነው የሚመታው። አቮካዶ፣ ሰው እየተስገበገበ የሚበላው አቮካዶ፣ ፐርሲን የሚባል ነገር ስላለው ወፍ ይገድላል፤ ፍሬውም፣ ቅጠሉም። ስፓይደር ፕላንት ለምሳሌ አይጎዳትም። ግን እሱን ማን ይመርጠዋል? «ተራ ነው» ይሉታል። አፈሩም አለ። ማዳበሪያ የገባበትን እየጫረች ትቅማለች። እርጥበቱ ሲበዛ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።

«እንግዲያው ፕላስቲክ ላድርገዋ!» ይላሉ። አልሸሹም ዞር አሉ! ፕላስቲኩን ትቀረጣጥፈዋለች፤ ቁራጩን ልትውጠው ትችላለች። የጨርቁ አበባ ክር ጣቷ ላይ ይጠመጠማል። ማሰሪያው ዚንክ የተቀባ ሽቦ ከሆነ እሱም ሲታኘክ መርዝ ነው። አቧራ ሲለብስ ደግሞ እንዲያብረቀርቅ ስፕሬይ ይነፋበታል። ወፏ አጠገቡ ቁጭ ብላ! የወፍ መተንፈሻ እንደኛ አይደለም። አየር ስታስገባም ስታስወጣም ንጹሕ አየር በሳንባዋ ስለሚያልፍ ኦክስጅንም መርዝም በቶሎ ይደርሳታል። ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው ሳይንቲስትም ትንንሽ እንስሳትን መርዛማ ጋዝ ከሰው ቀድሞ እንደሚጥላቸው አይቶ ነው ካናሪ የምትባለው ትንሽ ወፍ ወደ ከሰል ማውጫ ትውረድ ያለው። ጋዝ ካለ ከሰው በፊት እሷ ትወድቃለች። በእንግሊዝ ይህ አሠራር እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ዘልቋል። ያኔ ቢያንስ የሰው ሕይወት ይተርፍ ነበር። ዛሬ ሳሎን ውስጥ ምን ሊተርፍ ነው? የፕላስቲክ ቅጠል ወዝ?

ተናደድኩ መሰለኝ።

ተክል ይቅር አላልኩም። ከኬጁ ውጭ፣ ምንቃር ከማይደርስበት ራቅ አድርጎ መስቀል ይቻላል። ታየዋለች፣ አትበላውም። «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» ማለት ይኼው ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ሰው ሲያፈጥባት ወደዚያ ዞር ትልበታለች፤ ብርሃንም አይከለክላትም። የግድ ወደ ውስጥ ይግባ ከተባለ፣ ከምትበላው ዘር ጥቂቱን በዝርግ ሳህን አብቅሎ መስጠት ነው። ነቅላ፣ በትና፣ ረግጣ ወዲያው ትጨርሰዋለች። ለዚያ ነው የተሰጣት። «አበላሸችው» ብሎ የሚያኮርፍ ሰው አንደኛውን ሥዕል ይግዛ።

ኬጅ ውስጥ መስተዋት የሚሰቅሉትን ደግሞ ዛሬ አልነካቸውም። ስለ መስተዋት ከተነሳ አከራዬ ናቸው ትዝ የሚሉኝ። የመታጠቢያ ቤቱን ቀዳዳ በምን እንደሸፈኑት ብነግራችሁ አታምኑኝም።