ምስክሯ ጅዳ፣ ችሎቱ አዲስ አበባ

ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ቤቱና ስለ ሰፈሩ ነበር፣ እኔ ግን የቤተሰብ ክርክር የምይዝ ጠበቃ ስለሆንኩ ቶሎ የመጣብኝ የምስክሮቼ ነገር ነው። ጎረቤት እኮ እኛ ጋር ትልቁ ማስረጃ ነው። ሰማንያ ሳይፈራረሙ አብረው የኖሩ ሰዎች ሲለያዩ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992 ማለቴ ነው፣ አብረው ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው ለማለት ቢያንስ 3 ዓመት እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን ይፈልጋል፣ ይሄን ደግሞ የሚያውቀው አንድ ግቢ ውስጥ አብሯቸው ቡና ሲጠጣ የከረመ ሰው ነው። ያቺ ጎረቤት አሁን ገላን ጉራ ገብታለች። ሌላዋ ልጇ ጋር አሜሪካ ናት። ልጆቹን አዝላ ያሳደገችው፣ የቤቱን ጉድ ሁሉ በአይኗ ያየችው ሠራተኛ ደግሞ አረብ አገር ሄዳለች።

ስለዚህ እኔ የምለው ምስክር ባለበት ሆኖ በቪዲዮ ይሰማ ነው። ቴክኖሎጂው ለፍርድ ቤቶቻችን አዲስ አይደለም፣ የክልል ይግባኝ በፕላዝማ ሲሰማ ስንት ዓመት ሆነው፣ ልደታ ፍርድ ቤትም ጥቃት የደረሰበት ሕፃን ለብቻው ክፍል ከሶሻል ወርከር ጋር ተቀምጦ ችሎቱ በካሜራ ነው የሚያየው። ለቤተሰብ ችሎት የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ግን አንድ ነገር ላይ ድርቅ እላለሁ፣ ምስክሩ ከገዛ ሳሎኑ ወይ ከዘመድ ቤት ሆኖ መናገር የለበትም።

ለምን እንደሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቤት የባልና ሚስት ሽምግልና ተቀምጠን ነበር፣ እኔ የሚስትየዋ ጠበቃ ነኝ። ሠራተኛ የነበረችው ልጅ ጅዳ ስለሆነች በአይሞ ትጠየቅ ተባለና ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን ዙሪያውን ተሰበሰብን። ልጅቷ "ጋሼ እትዬን ይመቷቸው ነበር" አለች፣ እውነቷን ነው፣ የሕክምና ወረቀቱን እኔው አይቼዋለሁ። ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ መሀል አይኗ ወደ ግራ ይሄዳል። ትልቁ ሽማግሌ "ልጄ፣ አጠገብሽ ማን አለ?" ሲሏት "ማንም የለም አባቴ" አለች፣ ሳይቆይ ከስልኩ ውጪ የሴት ድምፅ "የልጁንም ንገሪያቸው" ሲል ሁላችንም ሰማን። የሚስትየዋ እህት ናት፣ እዛው ጅዳ ነው የምትኖረው፣ ለመርዳት ብላ ነው። ከዛ በኋላ ልጅቷ የተናገረችውን ማንም አላመናትም፣ እውነቱም አብሮ ወደቀ፣ ደንበኛዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ዝም ብላ ስታለቅስ እስካሁን ይታየኛል።

ሽምግልና ስለነበር ነው እንጂ ችሎት ቢሆን ጉዳቱ ከዚህ የባሰ ነበር። በቤተሰብ ጉዳይ ምስክሩ ሁልጊዜ የአንደኛው ወገን ሰው ነው፣ ወይ ዘመድ ነው ወይ እንጀራው እነሱ ጋር ነው፣ ስለዚህ አጠገቡ ማን ተቀምጧል የሚለው ከምንም በላይ ወሳኝ ነው። ገላን ያለችው ጎረቤት ቅርቧ ያለ ፍርድ ቤት ገብታ አንድ ክፍል ውስጥ ትቀመጥ፣ ውጪ ያለው ኤምባሲ ወይ ቆንስላ ሄዶ ፓስፖርቱን አሳይቶ፣ የኤምባሲው ሠራተኛ ካሜራውን ዞር ዞር አድርጎ ክፍሉ ባዶ መሆኑን ለዳኛው አሳይቶ፣ ከዛ ምስክሩ ይማል። ኔትወርክ ቢቋረጥ እንደገና ይደወላል።

የተቀዳ ነገር ግን ሌላ ነው። ደንበኞች በየቀኑ ቢሮዬ እየመጡ "ይኸው በቴሌግራም ተናግራ ልካልኛለች፣ ይሄን አስገባልኝ" ይሉኛል። ቪዲዮ መስቀለኛ ጥያቄ አይመልስም እኮ። አንድ ጊዜ አንዲት ተመላላሽ ሠራተኛ "ማታ ማታ ሰክሮ እየመጣ ይረብሻል" ብላ መሰከረች፣ የባልየው ጠበቃ "አንቺ ከቤታቸው ስንት ሰዓት ነበር የምትወጪው?" አላት፣ "11 ሰዓት" አለች፣ "ታዲያ ማታ እንዴት አየሽው?" ሲላት ሚስትየዋ የነገረቻትን እንደሆነ አመነች። በተቀዳ ቪዲዮ ቢሆን ሰውየው ባልታየ ነገር ልጆቹን ሊያጣ ነበር።

ቀረጻ ራሱ ፍርድ ቤቱ ሲያደርገው ግን እደግፋለሁ፣ በተለይ ለልጆች። የ7 ዓመት ልጅ ከእናትህ ነው ከአባትህ መኖር የምትፈልገው ተብሎ በየደረጃው ሲጠየቅ ማየት ያማል፣ አንዴ በደንብ በሚያውቅ ባለሙያ ተጠይቆ ይቀረጽ፣ ይግባኝም ቢኖር ያንኑ ይዩት። ለአዋቂም ቢሆን አሁን የምስክር ቃል በድምፅ ይቀዳና ወደ ወረቀት ይገለበጣል፣ ይግባኝ ሰሚው የሚያገኘው ወረቀቱን ነው፣ እና ዝምታ አይገለበጥም። ምስክሯ "መቷት ያውቃል?" ስትባል ግማሽ ደቂቃ አንገቷን ደፍታ ከቆየች በኋላ "አላውቅም" ብትል ወረቀቱ ላይ የሚወጣው "አላውቅም" ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ጊዜው ነው። አረብ አገር የገባች ልጅ ብዙ ጊዜ አሠሪዎቿ ካልፈቀዱላት ቆንስላ እንኳን መሄድ አትችልም፣ ስለዚህ ቃሏ መወሰድ ያለበት ሳትሄድ በፊት ነው። ምስክር ሊሄድ መሆኑ ከታወቀ ክሱ በተከፈተ በሳምንቱ ሁለቱም ወገን ባለበት ተጠይቆ፣ መስቀለኛም ቀርቦለት፣ በቪዲዮ ተቀርጾ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ። አሁን የያዝኩት አንድ የልጅ አስተዳደግ ጉዳይ አለ፣ ዋናዋ ምስክሬ ቪዛዋ ወጥቷል፣ የምትሄደው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ትሰማልኝ ብዬ አቤቱታ አስገብቻለሁ፣ ምስክር የሚሰማበት ቀጠሮ የተያዘው ግን ለጥር ነው። ትናንት ደውላ "ጋሼ፣ ትኬቱን ላስተላልፈው እንዴ?" አለችኝ፣ ለኤጀንሲው የከፈለችው ብድር ስለሆነ አስተላልፊው ለማለት አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ።