ልጅ ካልነገረን የምናውቀው ጥቂት ነው

የመጀመሪያ የወር አበባዬን ባየሁ ቀን እናቴ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጨርቅ ሰጠችኝና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ከእንግዲህ ወንድ እንዳይነካሽ።» የቀረውን እኔው በራሴ ግምት ሞላሁት። በዚያው ሰሞን የአጎቴ ልጅ ሲጨብጠኝ ያረገዝኩ መስሎኝ ሆዴን በመስታወት እያየሁ ሁለት ሳምንት ያህል ሰነበትኩ፤ ደፍሬ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

እናቴ ትወደኝ ነበር፤ ያወረሰችኝም የወረሰችውን ነው። ዛሬ ደግሞ እኛ ወላጆች ስልክ እንፈትሻለን፣ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ያለውን ደቂቃ እንቆጥራለን፣ ይህን ካደረግን ልጆቻችንን የጠበቅናቸው ይመስለናል። ሆካን ስታቲን እና ማርጋሬት ከር የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊድን 703 የ14 ዓመት ታዳጊዎችንና ወላጆቻቸውን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ያሳዩት ግን ሌላ ነው። ወላጅ ስለ ልጁ ውሎ የሚያውቀው በአብዛኛው ልጁ በገዛ ፈቃዱ ከሚነግረው እንጂ ከጥያቄና ከቁጥጥር የሚመጣ አይደለም። እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ በቁጣ የመለሰ ወላጅ ስለ ልጁ የሚያውቅበትን ዋናውን በር በራሱ እጅ ዘግቷል ማለት ነው።

ይህን ስል ደንብ ይቅር ማለቴ አይደለም። ልጅ የት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚሆንና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ማወቅ የወላጅ ግዴታ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ የተነገራት ልጅ ልደት በተባለ ቤት ውስጥ ነገሩ ካላማራት «አባዬ፣ መጥተህ ውሰደኝ» ብላ ትደውላለች። ዱላ እንደሚጠብቃት የምታውቅ ልጅ ግን አትደውልም፤ እዚያው ትቆያለች፣ የሆነውንም ደብቃ ትኖራለች።

«ከተነጋገርን ዓይናቸውን እንከፍታለን» የሚለውን ስጋት እረዳለሁ። ይሁንና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የተሰበሰቡት ጥናቶች፣ ስለ ጾታዊ ግንኙነት ማስተማር ታዳጊዎችን ወደ ግንኙነት እንደማያፋጥን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ50 በላይ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሌላ ሥራ ደግሞ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ስለዚህ ጉዳይ የሚነጋገሩ ታዳጊዎች ኮንዶምና የእርግዝና መከላከያ የመጠቀም ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደሆነ አግኝቷል። ዝምድናው መጠነኛ ነው፤ በሴት ልጆችና ከእናት ጋር በሚደረግ ንግግር ላይ ግን ይጠነክራል። ወንዶች ልጆችን የሚያነጋግራቸው ሰው ማነው የሚለው ጥያቄ እኔን የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

ስለ ታዳጊዎች «ውሳኔ» ስናወራ በአገራችን አንድ መራራ እውነት አለ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድ የመጀመሪያ ግንኙነት መካከለኛ ዕድሜ 16.6፣ የመጀመሪያ ጋብቻ ደግሞ 17.1 ዓመት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርገውም፣ ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መቀራረባቸው ለብዙ ሴቶች የመጀመሪያው ግንኙነት ከሽምግልናና ከሠርግ ጋር አብሮ የመጣ መሆኑን ያመለክታል። እዚያ ላይ የወሰነው ወላጅ ነው፤ ልጅቷን የጠየቃት የለም።

ባለፈው ዓመት ከልጄ ጋር ምስር እየለቀምን ሳለ፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ «እማዬ፣ ሰው በመሳሳም ያረግዛል?» አለችኝ። የእናቴ ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና እንደማያረግዝ፣ እርግዝናም እንዴት እንደሚመጣ በስሙ እየጠራሁ ነገርኳት። ፊቴ ቢግልም ድምፄን አላነሳሁም። ጥቂት ዝም ብላ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቀች፣ ከዚያም ሦስተኛውን። ቀና ስል የ12 ዓመቱ ወንድሟ በሩን ተደግፎ ያዳምጣል። ሂድ ልለው አስቤ ነበር፤ ጠራሁትና ከሰፌዱ አጠገብ በርጩማ ሰጠሁት።