ስልሳ ቀን በሞላ ቁጥር

እልል በሉ፣ አዋጁ ተራዘመ! በካሊፎርኒያ መሬት የተንቀጠቀጠባቸውን የትንንሽ ከተሞች ምክር ቤት ስብሰባ የሚከታተል ሰው ይህቺን ዜና ለምዷታል፤ ሰሞኑንም አልቀረችም። የአካባቢው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካለፈው ቃለ ጉባኤና ከቼኮች ዝርዝር ጋር በአንድ ጥቅል ታስሮ ቀረበ፣ እጅ ወጣ፣ አለፈ። ውይይት የለም። ድሮስ መንቀጥቀጡ መቼ ተወያይቶ መጣ?

የካሊፎርኒያ ሕግ ግልጽ ነው። የከተማው ኃላፊ ብቻውን ካወጀ ምክር ቤቱ በ7 ቀን ውስጥ ያጸድቃል፤ ከዚያ ቢያንስ በየ60 ቀኑ (በፊት 30 ነበር) አዋጁ አሁንም ያስፈልግ እንደሆነ ይመረምራል፤ ሁኔታው እንደፈቀደም ቶሎ ያነሣዋል። «ይመረምራል» ነው የሚለው። ሊቃውንቶቻችን ግን የቃሉን ምሥጢር ደርሰውበታል፦ መመርመር ማለት ቀን መቀየር ነው።

እስቲ ሰነዱን ጠጋ ብለን እናድንቀው። ጸሐፊው ያለፈውን ፋይል ይከፍታል፣ «የመጨረሻ» ብሎ ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ 2»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ የእውነት»። የአርእስቱ ቀን ይቀየራል። አራተኛው አንቀጽ ላይ ያለው ቀን ግን እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ ሰነዱ ከራሱ ላይ እስከ ጁን፣ ከሆዱ ላይ እስካለፈው ፌብሩዋሪ ያራዝማል። ያለፈን ቀን ወደፊት ማራዘም ለፊዚክስ ሊቆችም አልተቻለም! የፈነዳው የውሃ መሥመር ተጠግኖ፣ አስፋልት ለብሶ፣ አስፋልቱም ተቦርቡሮ አልቋል፤ በሰነዱ ላይ ግን ውሃው ዛሬም ይፈሳል። ያዘነበለው የጡብ ጭስ ማውጫ ፈርሷል፣ ጡቡ ተሸጧል፣ ባለቤቱም አገር ለቋል፤ በሰነዱ ላይ ግን አሁንም መንገደኛን ሊጫን አሰፍስፏል። ጡብ እንዲህ ታማኝ ሆኖ አያውቅም።

ሽሙጡ ለጊዜው ይቆይ። ዲሴምበር 20 ቀን 2022 ከሌሊቱ 8፡34 ላይ ሰሜን ካሊፎርኒያ ያለውን ሀምቦልት ካውንቲን መጠኑ 6.4 የሆነ መንቀጥቀጥ መታው፤ በ12ኛው ቀን ደግሞ 5.4 ተከተለ። እዚያው ባለችው በሪዮ ዴል ከተማ ቤቶች ከመሠረታቸው ተንሸራተው ወረዱ። ምክንያቱ ተአምር አይደለም፦ የአሮጌ ቤት የእንጨት ወለል ከኮንክሪቱ መሠረት ጋር በብሎን ካልታሰረ፣ ከሥሩ ያለችው አጭር የእንጨት ግድግዳም ኮምፔርሳቶ ካልተመታባት፣ መሬቱ ሲሄድ ቤቱ ይቀራል። የወደቀውን ለመመለስ በክሪክ ማንሣት፣ በግንድ ርብራብ ደግፎ ማቆየት፣ አዲስ መሠረት ማፍሰስ፣ ከዚያ ማውረድ ነው። መሐንዲስ፣ ፈቃድና ገንዘብ ይፈልጋል። ታዲያ በየ60 ቀኑ በሚጸድቀው ወረቀት ላይ «ቀይ ምልክት (አይገባበትም) ከተለጠፈባቸው ቤቶች ስንቱ አረንጓዴ (ይገባበታል) ሆነ?» የምትል አንዲት መሥመር ለምን ትጠፋለች? ሰው በገዛ ቤቱ ደጃፍ ተጎታች ውስጥ ሁለተኛ ክረምቱን ሲገፋ «ሁኔታው ቀጥሏል» ብሎ እጅ አውጥቶ ቡና ለመጠጣት መውጣት ነውር ነው። ነውር!

የሚገርመው፣ መራዘም ያለበት ነገር አለ። ዋጋን ከ10 በመቶ በላይ መጨመርን የሚከለክለው ሕግ ለሸቀጥ 30 ቀን፣ ለጥገና ሥራ 180 ቀን ይሠራል፤ በየ30 ቀኑ ይራዘም ካልተባለ ግን ያበቃል። እሱን ማን አስታውሶ! ያለ ጨረታ የተሰጠ የጥገና ውልም በየመደበኛ ስብሰባው ተመርምሮ በአራት አምስተኛ ድምፅ መጽናት አለበት፤ አዋጁ ስለተራዘመ ብቻ አብሮ አይራዘምም። «ገንዘቡ እንዳይቀርብን ነው» የሚሉም አሉ። የስቴቱን እርዳታ ለመጠየቅ ቁም ነገሩ አዋጁ አደጋው በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ መውጣቱ ነው፤ አሥራ ሦስተኛው ማራዘሚያ ሳንቲም ይዞ አይመጣም።

ለነገሩ ማን ይሰማል። «ተቃውሞ?» የለም። «ድምፀ ተዓቅቦ?» የለም። እስካለፈው ፌብሩዋሪ ተራዝሟል። ቀጣዩ አጀንዳ የመናፈሻው አግዳሚ ወንበር ምን ዓይነት ቀለም ይቀባ የሚል ነበር፤ አንድ ሰዓት ተኩል ጥልቅ ውይይት ተደርጎበት፣ ለተጨማሪ ጥናት ተመለሰ።