ከተፈታ አይቀር

እናንተዬ፣ «ከተፈታ አይቀር» የምትለዋን ቃል የፈጠረው ሰው መኪና ነበረው? ካልነበረው ይቅር ብዬዋለሁ። ከነበረው ግን ባንገናኝ ይሻላል።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1992 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ናት። ባለ 5.0 ሊትር ቪ8። አርጅታለች፣ ግን ነዳጅ ስትረግጥላት አሁንም ወንበሩ ላይ ታጣብቅሃለች። ከወራት በፊት ከኋላ «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ጀመራት። በዝግታ ስነዳ የለም። ፍጥነት ስጨምር አብሮኝ ይጨምራል። ማርሽ ብቀይር፣ ፍሪሲዮን ብረግጥ፣ ምንም ለውጥ የለውም። ወደ አንዱ ጎን ስታጠፍ ይብስበታል፣ ወደ ሌላው ሲሆን ቀዝቀዝ ይላል።

አሁን ሳስበው መኪናዋ በራሷ አፍ እየተናገረች ነበር። የኮሮናና የፒኞን፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ለኋላ ጎማዎች የሚያቀብሉት ትልቁና ትንሹ ጥርሳም ብረት፣ ጥርሳቸው ሲበላ፣ ድምፁ ነዳጅ ስትሰጥና ስትለቅ ይለዋወጣል። ሰጠህም ለቀቅህም ያው ከሆነ፣ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ከተቀየረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎማው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። ይሄን ማን ነገረኝ? ማንም! የመጀመሪያው መካኒክ ሁለት ደቂቃ ነድቶ ተመለሰና «ጎማ ነው» አለ። ጎማዎቹም እውነት አልቀው ስለነበር አልተከራከርኩም። አራቱንም ቀየርኩ። ድምፁ ግን እዛው ነው። እንዲያውም አዲሶቹ ጎማዎች ጸጥ ያሉ ስለሆኑ ኡኡታው ይበልጥ ጎልቶ ተሰማ።

ሁለተኛው መካኒክ ኩሽኔታ መሆኑን አገኘው። ፈታ፣ አዲስ ኩሽኔታና አዲስ የዘይት ማገጃ ላስቲክ ገጠመ። ድምፁ ጠፋ። ለሁለት ሳምንት! ከዚያ ተመለሰ፣ ሲመለስ ደግሞ ብቻውን አልመጣም። የዲፈረንሻሉ (ዙሩን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ዘይት በማገጃው ሾልኮ የፍሬኑ ሸራ ላይ ፈሷል። ፍሬን ስይዝ አንዱ ጎማ ቀጥ ይላል፣ አንዱ መንገዱን ይቀጥላል።

እዚህ ጋ ነው ደሜ የሚፈላው። ብዙ ኩሽኔታ የውስጥም የውጭም ቀለበት አለው፣ ሮለሮቹ በመሃል ይሽከረከራሉ። የዚህ አክስል፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ኩሽኔታ ግን የውስጥ ቀለበት የለውም። ሮለሮቹ የሚሮጡት በቀጥታ አክስሉ ብረት ላይ ነው። ስለዚህ ኩሽኔታው ሲያልቅ አክስሉንም ቦርቡሮ ነው የሚሄደው። በተቦረቦረ አክስል ላይ አዲስ ኩሽኔታ ከገጠምክ አዲሱንም አስበላኸው ማለት ነው። ይሄን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። አክስሉ ሲወጣ ኩሽኔታው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ጥፍርህን ታስኬዳለህ። ጥፍርህን ከያዘው አክስሉ አልቆለታል። በቃ። ጥፍር! ጥፍር የሌለው መካኒክ አለ?

በነገራችን ላይ ሮለሮቹን ካልተበላው ቦታ ላይ እንዲሮጡ የሚያደርግ ልዩ ኩሽኔታም አለ። አሮጌውን አክስል ላለመጣል ተብሎ የተሠራ። ስለሱ የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው፣ ተዉት።

እሺ፣ አክስል ይቀየር። ሁለት አክስል ብቻ፣ ግራና ቀኝ። ያኔ ነው ቃሏ የመጣችው። ሦስተኛው መካኒክ እጁን እየጠረገ «ጌታው፣ ከተፈታ አይቀር ለምን ጠንከር ያለውን አናስገባም?» አለኝ።

የኔ አክስል ጫፉ ላይ 28 ጥርስ አለው። ጠንካራው ባለ 31 ነው። ውፍረቱ የሚጨምረው አሥር በመቶ ገደማ ነው። የክብ ብረት ጥንካሬ ግን በውፍረቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፣ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። አሥር በመቶ ስታወፍረው የሚጠመዝዘውን ኃይል የመቋቋም አቅሙ በሲሶ ያህል ይጨምራል። ሒሳቡ ልብ ይሰርቃል። እኔ መኪናዬን ውድድር አልወስዳት፣ የድሮውም አክስል ተሰብሮብኝ አያውቅ፣ ተበልቶ ነው እንጂ። ግን ሰው ነኝ። እሺ አልኩ።

ባለ 31 አክስል ደግሞ ለባለ 28 በተሠራ ዲፈረንሻል ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ዲፈረንሻሉም ይቀየር። ዲፈረንሻሉ ከወጣ ኮሮናው አብሮት ይፈታል። «ከተፈታ አይቀር 3.73 እናርገው።» የኔ 3.08 ነበር፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ፒኞኑ 3.08 ጊዜ ይዞራል። 3.73 ሲሆን መኪናዋ ስትነሳ እንደ ተናደደ ሰው ነው። በዚያው ልክ ግን በተመሳሳይ ፍጥነት ሞተሩ 21 በመቶ ቶሎ ይዞራል፣ ረጅም መንገድ ላይ ሲጮህ ይውላል፣ ነዳጁንም ይጠጣዋል። የፍጥነት መቁጠሪያው ደግሞ የሚያነበው ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ነው። እዛ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ጥርስ ካልተቀየረች 100 ስትነዳ 121 ይልሃል። ይሄንንም ማንም አልነገረኝም። ለሦስት ቀን ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩንባ ሲነፋብኝ እኔ በሕግ አክባሪነቴ ስኮራ ነበር።

ዕቃ ሻጩም ድርሻውን ተወጥቷል። መጀመሪያ የላከልኝ ከ1994 ጀምሮ ላለው ሞዴል የሚሆነውን አክስል ነው። «ሁለቱም ሙስታንግ አይደሉም እንዴ?» ይለኛል! በየጎኑ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ጎማው ከመከለያው ውጭ ሊያድር ነው። ቀየረልኝ። የቀየረልኝ በትክክለኛው ቁመት ሆኖ ባለ 5 ቡሎን ነው። የኔ መኪና ባለ 4 ነው። «ሌላ የለኝም፣ ደግሞ ባለ 5 ይሻላል።» የኋላው ባለ 5 ሲሆን የፊቱ ባለ 4 ሆኖ አይቀርማ። የፊት ዲስክና ሃብ ተቀየረ፣ አራቱም ቸርኬ ተቀየረ፣ ትርፍ ጎማው ራሱ ከምንም የማይገጥም ጌጥ ሆነ። እኔ እኮ የመጣሁት ለአንድ ኩሽኔታ ነው!

ይሄ ሁሉ ይሁን፣ ሥራው በልኩ ቢሠራ። በፒኞኑ ሁለት ኩሽኔታዎች መሃል የምትጨማደድ ቀጭን የብረት ቱቦ አለች። ዳዶውን ስታጠብቅ ትንሽ በትንሽ ትጨማደዳለች፣ በየመሃሉ ፒኞኑን እያዞርክ ለመዞር ምን ያህል እንደሚከብድ ትለካለህ፣ ልኩ ላይ ስትደርስ ታቆማለህ። ካለፍክ አለፍክ። ዳዶውን መልሶ ማላላት አይሠራም፣ የተጨማደደው ብረት አይመለስማ። አውጥተህ አዲስ ነው የምታስገባው። የኔው ሰውዬ በንፋስ መፍቻው አንዴ «ድርርር» አደረገው። ሲያዞረው ጠነከረበት። ምን ያደርጋል? ፈታ አደረገዋ! ቆሜ እያየሁት። «መለኪያ የለህም?» ስለው «እጄ ያውቀዋል» አለኝ። በኮሮናውና በፒኞኑ ጥርስ መሃል የሚተወው ክፍተት ሩብ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እጁ ይሄን የሚያውቅ ከሆነ ምነው ጥፋቱ የጎማዬ አለመሆኑን የመጀመሪያው መካኒክ እጅ ሳያውቀው ቀረ?

መኪናዋ ወጣች። ቀስ ብዬ ነዳኋት፣ አዲስ ጥርስ መጀመሪያ ላይ በእርጋታ ካልተነዳ ይቃጠላል። ስትነሳ፣ እውነቴን ነው፣ ታስደስታለች። ከዚያ 80 ላይ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ።

«ኡኡኡ።»

አሁን ነዳጅ ስለቅ ብቻ ነው። ነዳጅ ስሰጥ ዝም። እንግዲህ አሁን ተምሬያለሁ፣ ይሄኛው ኩሽኔታ ሳይሆን የላላው ፒኞን ነው። ደወልኩለት። «አዲስ ስለሆነ ነው ጌታው፣ ትለምደዋለህ» አለ።

እስቲ ከመካከላችሁ መለኪያ ያለው መካኒክ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ደግሞ ባለ 4 ቀዳዳ ባለ 16 ኢንች ቸርኬ የሚፈልግ ካለ አራቱም እኔ ጋ አሉ፣ አዲሶቹ 17 ስለሆኑ ጎማዎቹም ከነቸርኬያቸው ቀርተዋል። ጎማዎቹ አዲስ ናቸው። ምንም አይጮሁም።